አምስት ዓይነት መዝጊያ የተሰቀለበት ወጥ ቤት

ሎሬታ የብረት መጥበሻውን በሁለት እጇ ጨብጣ ከፍ አደረገችና ሂኮሪ ከሚባለው እንጨት የተሠራው መዝጊያ ላይ አሳረፈችው። ጓ! አለ። ምድጃው ላይ የተቀመጠው ማንኪያ ዘለለ። ባሏ አርቪድ ተንበርክኮ የካቢኔቱን መዝጊያ ከሥር ደግፎ ይዞ ስለነበር ጥርሱ ተንገጫገጨ።

"ቀስ በይ እንጂ ሴትዮ! እኔም እኮ እዚህ ነኝ!"

"አንተን መቼ ነካሁህ?" ጎንበስ ብላ የመታችበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። "እየው፣ ምንም አልሆነም። ሜፕሉ ትንሽ ምልክት ይዟል። ቼሪው ጎድጉዷል። ዋልነቱም ጎድጉዷል። ይሄ ግን ንቅንቅ አላለም።"

"የመጥረቢያ እጀታ የሚሠራው ከሂኮሪ ነው ብዬሽ አልነበር? ከእንጨቱ ይልቅ ለመጥበሻሽ እዘኚለት።"

"በቃ፣ ሂኮሪ ይሁና!"

አርቪድ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለና አንገቱን ወደ አንድ ጎን ሰበር አደረገ። ይህን አንገት ሎሬታ ታውቀዋለች። እንዲህ ሲሰበር ሰበብ እየመጣ ነው ማለት ነው።

"መልኩን ግን ልብ ብለሽ አይተሽዋል?" አለ። "አንዱ ጣውላ ነጭ፣ አንዱ ቡኒ፣ አንዱ ጭራሽ ዥጉርጉር። ከሦስት ሰፈር የተለቃቀመ ነው የሚመስለው። አሥራ ዘጠኝ መዝጊያ እንዲህ ሆኖ ሲደረደር ዐይን ያዞራል።"

"ትናንት 'ሕይወት ያለው እንጨት' አልከኝ እኮ።"

"ትናንትማ ደመና ነበር።"

ሎሬታ ሳቀች። ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሴት ናት። ዕድሜዋ ስድሳ ሦስት፣ ቁመቷ አጭር፣ ክንዷ ደልደል ያለ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የከተማው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ሆና፣ በየቀኑ ለአራት መቶ ልጆች ምሳ ስታበላ ኖራ ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። አርቪድ በሦስት ዓመት ይበልጣታል። በዚህ በሰሜን ፔንስልቬንያ ኮረብታ ላይ እሱ ያልሠራው ወጥ ቤት ቢቆጠር ጥቂት ነው። የተጋቡት ባለፈው ጥቅምት ነበር። እሷ ከባሏ ከተፋታች ዘመናት አልፈዋል፤ እሱ ደግሞ ሚስቱ ማርጂት ከሞተችበት ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሎሬታ ከልብስ ማጠቢያ ሱቁ በላይ ያለችውን የኪራይ ቤቷን ለቅቃ፣ ሁለት ሻንጣና አሥራ አንድ ድስት ይዛ እሱ ቤት ገባች።

"ጸደይ ሲመጣ የወጥ ቤቱን መዝጊያዎች በሙሉ እቀይርልሻለሁ፤ የምትወጂውን እንጨት ምረጪ" ያላት ራሱ ነው። እሷ አልጠየቀችውም። አሁን ጸደዩ አልፎ ሰኔ ገብቷል። በሰባት ሳምንት ውስጥ ከአሥራ ዘጠኙ የድሮ የኦክ መዝጊያዎች አራቱ ወርደው፣ በቦታቸው አራት ናሙና ተሰቅሏል። የቀሩት አሥራ አምስቱ አሁንም ኦክ ናቸው። ወጥ ቤቱ አምስት ዓይነት ልብስ ደራርቦ የለበሰ ሰው መስሏል።

መጀመሪያ የመጣው ሜፕሉ ነበር። ነጣ ያለ፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት ልስልስ ያለ ነው። ሎሬታ የቲማቲም ወጥ አፍስሳበት በአንድ ጨርቅ ጥርግ አደረገችው። "ይሄ ጥሩ ነው" አለች። አርቪድ አንገቱን ሰበረ። ሜፕል ሲቆይ ቢጫ እንደሚመታው፣ መልኩን ላጠቁረው ቢባል ደግሞ እንደ ለምጽ ነጠብጣብ እንደሚያወጣ አስረዳት። ቀጥሎ ቼሪ መጣ። የአገሩ ኩራት ነው፤ ከእነዚህ ኮረብታዎች የሚወጣ ቼሪ ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል። ቀላ ብሎ እሳት ዳር የተቀመጠ ነገር ይመስላል። "ይሄም ጥሩ ነው" አለች። አርቪድ ግን ቼሪ ብርሃን ባየ ቁጥር እንደሚጠቁር፣ ከመስኮቱ አጠገብ ያለውና ጥግ ያለው በዓመቱ አባትና ልጅ እንደሚመስሉ ነገራት። ዋልነቱ ደግሞ ጥቁር ቸኮሌት የመሰለ ግርማ ያለው እንጨት ነው፤ ባለ አንድ መስኮት ወጥ ቤት ውስጥ ግን "ዋሻ ያደርግብሻል" አላት። ሂኮሪውን ዛሬ ጠዋት ሰቀለው፣ ዛሬ ጠዋት አማው።

"ስማኝ አርቪድ" አለች ሎሬታ መጥበሻውን ምድጃው ላይ እያስቀመጠች። "ዛሬ ቅዳሜ ነው። ብሪታ ለምሳ ትመጣለች። ልጅህ ከመሄዷ በፊት አንዱን ካልመረጥክ፣ እምላለሁ፣ ሁሉንም ነቅዬ መጋረጃ እሰቅልበታለሁ። ያውም አበባ ያለው መጋረጃ።"

"አታደርጊውም።"

"ባለ ትልልቅ አበባ።"

አርቪድ ጆሮው ላይ የሻጣትን እርሳስ አውጥቶ መልሶ ሻጣት። "አንድ ያላየነው አለ" አለ ዐይኗን ሳያይ። "አሽ። ዋንዳ ጋ ትንሽ ሳይቀር አይቀርም። ነጣ ያለ ነው፣ ጠንካራ ነው። እሱን እንይና ከዚያ በቃ።"

"እሺ፤ ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ።"

"አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽና?"

"ሰባት ሳምንት አስተምረኸኛል። እስካሁን ዲፕሎማ ይገባኝ ነበር" አለችና የመኪናውን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አነሣች።

የዋንዳ እንጨት መሰንጠቂያ ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ነው። ጣውላዎቹ አየር እንዲያገኛቸው በየመሐላቸው ቀጫጭን እንጨት እየገባ ቤት ያህል ተከምረዋል። ግቢው ሰጋቱራ በሰጋቱራ ነው። ዋንዳ ሰባ ዓመቷ ነው፤ ሥራውን ከአባቷ ወርሳ አሁንም ጣውላ ማንሻ መኪናውን የምትነዳው ራሷ ናት። ሎሬታን ስታይ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች።

"አሽ?" አለች ነገሩን ስትሰማ። "አርቪድ ነው አሽ የፈለገው?"

"ለመዝጊያችን።"

ዋንዳ ወደ አንዱ ክምር ሄዳ አንድ ጣውላ ጎተተችና እጅጌዋን ጠቅልላ አቧራውን ጠረገችለት። "እዪው። ጥንዚዛ በአገሩ ሁሉ የጨረሰው ዛፍ ይሄ ነው፤ ከዚህ በኋላ የለኝም። በይ፣ ምን ታያለሽ?"

ሎሬታ መዳፏን ሰደደችበት። መስመሩ ጎላ ጎላ ያለ፣ በየመስመሩ ውስጥ በመርፌ የተወጋ የመሰለ ቀዳዳ ያለው ነው። ጣቷ ሻከረበት። ይህን ሻካራ ከጥቅምት ጀምሮ በየቀኑ ስትነካው ከርማለች።

"ይሄ... ኦክ ነው የሚመስለው።"

"ኦክ እንጂ ሌላ ምን ይመስላል! ፀጉሯን ነጭ የተቀባች ኦክ ናት።" ዋንዳ ጣውላውን ወደ ቦታው ገፋችው። "ስሚኝ ሎሬታ፤ ያንን ሰውዬ አርባ ዓመት አውቀዋለሁ። ለእህቴ ወጥ ቤት ሊሠራላት የመጣ ቀን ኮቱን ሳያወልቅ 'አንቺ ቼሪ ነሽ' አላት። ለፓስተሩ 'ሜፕል' አለው፣ ፓስተሩ 'አሜን' አለ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ሰባት ሳምንት ከቆየ እንጨት እየመረጠ አይደለም።"

"ታዲያ ምን እያደረገ ነው?"

"ባልሽ ነው እንጂ ባሌ ነው?"

"ዋንዳ።"

ዋንዳ ኮፍያዋን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አራገፈችው። "ያንን ኦክ የሸጠለት አባቴ ነው" አለች ድምፅዋን ለዘብ አድርጋ። "ብሪታ የተወለደች ክረምት ነው። ያኔ ፋብሪካ ተቀጥሮ ነበር የሚሠራው። ከሥራ ሲወጣ ይመጣና ከዚህ ክምር አንድ አንድ እየመረጠ ይወስዳል። 'ለማርጂት ነው፤ መቶ ዓመት የሚኖር ነው' ይላል። ክረምቱን ሙሉ እንደዚያ። የመጀመሪያ ሥራው ነው እንግዲህ። ሌላ የማውቀው የለም።"

ሎሬታ አሽ ሳትገዛ ተመለሰች።

መንገዱን ሙሉ ስታስብ መጣች። በማርጂት አልቀናችም። ማርጂትን ታውቃታለች፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ለትምህርት ቤቱ ባዛር ሁልጊዜ የተጎነጎነ ዳቦ ይዛ የምትመጣ ሴት ነበረች። ደግ ሴት ነበረች። የከነከናት ሌላ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ እንጨት እያወዳደረች መስሏት ስትስቅና ስትቀልድ፣ ሰውየው ለካ በየሳምንቱ አንዱን ከሌላው እያጣላ አሥራ አምስቱን ኦክ ሲጠብቅ ኖሯል። ለመሆኑ እኔ የቤቱ እመቤት ነኝ ወይስ ድስቷን በአደራ ያስቀመጠች እንግዳ? አለች በልቧ። ቀጥሎ ደግሞ አሳዘናት። እሱ ራሱ ማድረጉን ያወቀው አይመስልም።

የከተማው ብቸኛ የትራፊክ መብራት ላይ ስትደርስ ወሰነች። ኦኩ ባለበት ይቅር። መዝጊያ ነው፤ ከመዝጊያ ጋር አልተጋባሁም። "አርቪድ፣ ኦኩ ባለበት ይቅር፤ ለምጄዋለሁ" ብላ ጮክ ብላ ተለማመደችው። አልጣማትም። "አርቪድ፣ ኦኩ እኮ ሲያዩት ያምራል" ብላ ሞከረች። ይሄኛው ትንሽ ተሻላት። ሦስተኛውን ስትጀምር ከኋላዋ ያለው ሰውዬ ጥሩምባውን ነፋባት፤ መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ቆይቷል።

ቤት ስትደርስ ብሪታ መጥታለች። ብሪታ እንደ እናቷ ረጅም፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሆናት ነርስ ናት። ካቢኔቶቹ ፊት ቆማ ከአንዱ መዝጊያ ወደ ሌላው እያየች ከአባቷ ጋር ትሳሳቃለች።

"ወይዘሮ ሎሬታ! ይሄ ወጥ ቤት ነው ወይስ የእንጨት ሱቅ? አባዬ ምን እያደረገዎት ነው?"

"ወይዘሮውን ተይው አላልኩሽም? የአባትሽ ሚስት ነኝ።"

"እንዴት ልተወው? ስምንት ዓመት ሙሉ ሳህን ይዤ 'ወይዘሮ ሎሬታ፣ ድንች ይጨምሩልኝ' ስልዎት አድጌ!"

"ጨምሬልሻለሁ አይደል? አየሽ የት እንደደረስሽ" አለች ሎሬታ ወደ ቁመቷ ቀና ብላ።

ምሳ በሉ። ዶሮና የተፈጨ ድንች ነበር፤ ብሪታ ሁለት ጊዜ ጨመረች። ሳህኑ ሲነሣ አርቪድ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"አሹስ? አገኘሽ?"

"አየሁት።" ሎሬታ እጇን በመሐረም ጠረገችና ጠረጴዛው ላይ አጣጥፋ አስቀመጠችው። መኪና ውስጥ የተለማመደችው ሁሉ ጠፋባት። "አርቪድ፣ ወስኛለሁ። ኦኩ ባለበት ይቅር።"

"ምን ማለትሽ ነው ይቅር?"

"አራቱን ወደ ቦታቸው መልሳቸው። ደህና መዝጊያ ነው፤ ምን ሆነ? ለማርጂት ብለህ ክረምቱን ሙሉ ደክመህበታል። እኔ በኦክም ወጥ እሠራለሁ።"

የአርቪድ ፊት ከአፉ ቀድሞ ተናገረበት። ሰባት ሳምንት ያልታየ ብርሃን መጣበት፣ ወዲያው ደግሞ ያ ብርሃን መታየቱን ሲያውቅ አፈረ። አንገቱን ደፋ። "እኔ እኮ... ሆን ብዬ አይደለም" አለ። "እሷ ትወዳቸው ስለነበረ... አንዱን በፈታሁ ቁጥር እጄ..."

ብሪታ ሳቀች።

መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ ቀጥሎ እጇን አፏ ላይ ብታደርግም አልቻለችም። ሁለቱም ዞር ብለው አዩዋት።

"ይቅርታ... አባዬ፣ ይቅርታ። ማን ነው እማዬ ትወዳቸው ነበር ያለህ?"

"እኔ ነኝ ያልኩት! ትወዳቸው ነበር!"

"እማዬ እነዚህን መዝጊያዎች እንደ ኃጢአት ነበር የምትጠላቸው።"

አርቪድ ልጁ በሌላ ቋንቋ የተናገረች ይመስል አፍጥጦ አያት።

"ምን ትላለች ይቺ?"

"አባዬ፣ በየቀዳዳው እኮ ዱቄትና ቅባት ይገባል። በየጸደዩ፣ አንተ ሥራ ስትሄድ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ኮምጣጤ ይዛ አንድ በአንድ ስታወጣው ነበር የምትውለው። አሥራ ዘጠኙንም! ስም አውጥታላቸው ነበር እኮ። 'ጥርሳሞቹ' ነው የምትላቸው። 'ብሪታ፣ ዛሬ ጥርሳሞቹን ልናጥብ ነው፣ ብሩሽሽን አምጪ' ትለኛለች። ከዚያ ሁለታችንም ወንበር ላይ ቆመን..." ሳቁ መልሶ ያዛት። "ሜፕል ነበር የምትፈልገው። ልስልሱን።"

"ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?" ድምፁ ቀጠነ።

ብሪታ ሳቋን ገታች። ወንበሯን ወደ እሱ አስጠግታ ክንዱን ያዘችው። "ጠይቄያት አውቃለሁ። ምን አለችኝ መሰለህ? 'የመጀመሪያውን መዝጊያ ትከሻው ላይ ተሸክሞ በበረዶ ሲገባ ፊቱን አየሁት። ያምራል አልኩት። አንዴ ያምራል ካልኩ በኋላ በምን አፌ ልመልሰው?' ነው ያለችኝ።"

አርቪድ ወንበሩን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣና በጓሮ በር በኩል ወጣ። የእንጨት ሥራ ቤቱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ።

"ገደልኩት" አለች ብሪታ።

"አልገደልሽውም።"

"ወይዘሮ ሎሬታ፣ እርስዎ ይሂዱ። እኔ አሁን ብሄድ ዳግመኛ እስቃለሁ።"

ሎሬታ ጓሮውን አቋርጣ የሥራ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ከውስጥ የታፈነ ድምፅ ሰማች። ስትከፍት አርቪድ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። አራቱ የወረዱ የኦክ መዝጊያዎች እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ አንዱን ፈትቶ ጉልበቱ ላይ አጋድሞታል። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ በመርፌ ጫፍ መስመሩን ይቆረቁራል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

"አርቪድ? ሆዴ?"

ቀና አለ። ዐይኑ እንባ ሞልቷል፤ ግን የሚያለቅሰው በሳቅ ነው።

"ዱቄት!" አለ መርፌውን እያሳያት። "ሎሬታ፣ እዪ፣ እውነትም ዱቄት አለ! እኔ እኮ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ በጨርቅ ስትወለውላቸው እያየሁ 'እንዴት ብትወዳቸው ነው' እል ነበር!"

ሎሬታ ከንፈሯን ነከሰች። አልቻለችም። በሳቅ ስትፈነዳ እሱም አብሮ ፈነዳ፤ መዝጊያው ከጉልበቱ ሊንሸራተት ሲል ሁለቱም ያዙት።

"ደግሞ ቆይ" አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ። "የደንበኛ ቤት አስከትያት ስሄድ ሜፕሉን በእጇ ዳሰስ ታደርግና 'ውይ፣ እንዴት ለመወልወል ይመቻል' ትላለች። የቫርኒሽ ሥራዬን ያደነቀች መስሎኝ 'አመሰግናለሁ' እላታለሁ። አመሰግናለሁ! እህ፣ ማርጂት፣ ማርጂት።" መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ሳቁ ቀስ እያለ ረገበ። "ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ። በሁለት ወር እቀይርላት ነበር።"

"ትወድህ ነበር።"

"አውቃለሁ። እሱን አውቃለሁ።" መዝጊያውን ወደ ብርድ ልብሱ መለሰው። "ሞኝ ነኝ አይደል?"

"ትንሽ።"

ብሪታ አንገቷን በበሩ ብቅ አደረገች። "በሕይወት አለህ?"

"ግቢ አንቺ ምስጢር ደባቂ" አላት። "እነዚህን ጥርሳሞች አወርስሻለሁ።"

"እኔ? የሚተርፍ የጥርስ ብሩሽ የለኝም!"

አርቪድ ባልዲው ላይ እጁን ተደግፎ ተነሣ። ድንገት ቀለል ብሎት ነበር፤ ሎሬታ ዛሬ ጠዋት ተንበርክኮ ያየችው ሰውዬ በአሥር ዓመት ያነሰ መሰላት። ወደ ጥጉ ሄዶ የተደረበውን ሸራ በአንድ እጁ ገፈፈው። ከሥሩ ሰፋፊ፣ ቀይ፣ አንጓ የሌላቸው ጣውላዎች ተኝተዋል።

"ቼሪ" አለ። "አሥራ አንድ ዓመት አስቀምጬዋለሁ። ሁሉም ከአንድ ግንድ ነው። ለማንም አልሰጠሁትም፤ የከተማው ሐኪም እጥፍ ዋጋ ልክፈልህ ብሎኝ እምቢ ብያለሁ። ጥቁረቱም አብሮ ነው የሚመጣ፣ አባትና ልጅ የሚባል ነገር የለም። ሎሬታ፣ ለአንቺ በዚህ እሠራዋለሁ። በዚህ አገር የሌለ ወጥ ቤት ነው የሚሆንልሽ! እ? ምን ትያለሽ?"

ፊቱ አበራ። በመስኮቱ የገባው ጸሐይ ጣውላው ላይ አርፎ ወደ ጉንጩ ቀይ ብርሃን መልሶበታል። ሎሬታ አየችው። ይህን ፊት አይታው አታውቅም፤ ግን ከአሁን ሩብ ሰዓት በፊት ጠረጴዛው ላይ ብሪታ ስለ እሱ ስትናገር ሰምታለች።

እንጨቱ በእርግጥ ያማረ ነው። "ያምራል" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ብሪታ ከበሩ ሆና ታያታለች።

ሎሬታ ቃሉን ዋጠችው።

"አርቪድ፣ አትቀየመኝ። እኔ ቅብ ነው የምፈልገው።"

"ምን?"

"ቀለም። የተቀባ መዝጊያ።"

አርቪድ አልገባውም። "ቫርኒሽ ማለትሽ ነው?"

"ቀለም ማለቴ ነው። በብሩሽ የሚቀባ። እንጨቱ የማይታይበት።"

ብሪታ ግድግዳውን ተደገፈች። አባቷ በዘመኑ እንጨት እንዲቀባ የጠየቀውን ደንበኛ ሁሉ ለሌላ አናጢ አሳልፎ ሲሰጥ ነው የኖረው፤ "እኔ ሬሳ አልገንዝም" ይላል። አሁን እጁ ቼሪው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

"ይሄንን... ትቀቢዋለሽ?"

"እሱንማ አልነካውም! እሱን ለሚያውቅበት ሰው ሥራበት።" ሎሬታ ቀረብ አለች፤ ድምፅዋ እንደ ልማዷ አልጮኸም። "ሃያ ዘጠኝ ዓመት ትምህርት ቤት ብረት ውስጥ ነው የቆምኩት። ጠረጴዛው ብረት፣ ግድግዳው ብረት፣ ድስቱ ብረት። ሁሉም ግራጫ። ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ የኪራይ ቤት ነው፤ ሚስማር መምታት፣ ቀለም መቀባት ክልክል ነው የሚል ውል ፈርሜያለሁ። ሁልጊዜ አንድ ቀን የራሴ ወጥ ቤት ቢኖረኝ ቀለም ይኖረዋል እል ነበር። ሰባት ሳምንት ይህን ልነግርህ ፈልጌ፣ አንተ እንጨቱን እንደ ልጅ እያሻሸህ ሳይ አፌ አልከፈት አለኝ።"

አርቪድ ቼሪውን አየ፣ እሷን አየ። አንገቱ ወደ አንድ ጎን መሰበር ጀመረ። ሎሬታ ሰበቡን ጠበቀች። አንገቱ መሐል መንገድ ላይ ቆመና ተመልሶ ቀና አለ።

"ለቅብ ሰዎች የሚወስዱት ፖፕላር ነው" አለ በመጨረሻ። ቃሉ ከጥርሱ መሐል እየተጎተተ ነበር የሚወጣው። "ርካሽ ነው፣ ቀለም ይይዛል። ግን ለስላሳ ነው፤ አንቺ ቤት አንድ ሳምንት አይቆይም። ኦክማ ቀዳዳው በቅቡ ውስጥ ሁሉ ይታያል። ሂኮሪም እንደዚያው።" እርሳሷን ከጆሮው አወጣ። "ሜፕል ነው የሚሆነው። መስመሩ አይታይም፣ አይጎደጉድም። ልስልስ ነው። በአንድ ጨርቅ ጥርግ ይላል።"

"ሜፕል" አለች ብሪታ ቀስ ብላ።

"አዎ፤ እናትሽ ታውቅ ነበር።"

ብሪታ መጥታ ሎሬታን ከኋላዋ አቀፈቻት፤ አገጯ የሎሬታ አናት ላይ አረፈ። "ሎሬታ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ" አለቻት።

አርቪድ ከመደርደሪያው የትዕዛዝ ደብተሩን አወረደ። ለማንም ደንበኛ የሚሞላው ያው ገጽ ነው፤ ስም፣ የመዝጊያ ብዛት፣ የእንጨት ዓይነት፣ ቀለም። የመጨረሻዋን ቦታ ደንበኛው አፉን ሳይከፍት ሰረዝ ያደርግባታል። ስም በሚለው ላይ ሎሬታ ብሎ ጻፈ። አሥራ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። ሜፕል ብሎ ጻፈ። ቀለም የሚለው ጋ ሲደርስ እርሳሱ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ደብተሩን አዙሮ ከነእርሳሱ ሰጣት።

ሎሬታ የቼሪው ክምር ላይ ደብተሩን አስደግፋ ጻፈች። ስትጨርስ መለሰችለት። አርቪድ መነጽሩን አድርጎ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

"'ቢጫ፤ እንደ እንቁላል አስኳል' ነው የሚለው?"

"ነው።"

"የመደብር እንቁላል ነው የገጠር?"

"የገጠር።"

አርቪድ ምራቁን ዋጠና ከሥሩ ፈረመ።